የጭቃ ቤትን የሚያፈርሰው ውኃ ነው፦ በአካባቢ ቁሳቁስና ባገለገሉ ዕቃዎች ዘላቂ ቤት እንዴት ይሠራል?

የመኸር ሰብል ተሰብስቦ እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ በደጋውና በወይና ደጋው የሀገራችን ክፍል የቤት ግንባታ ወቅት ይጀምራል። አርሶ አደሩ ከምርት ሽያጭ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ስንት ቆርቆሮና ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚያስፈልገው ያሰላል። የከተማው ነዋሪም በብዙ ልፋት ባገኘው ቦታ ላይ ጎጆውን ለመቀለስ ይነሳል። በሁለቱም ዘንድ ግን አንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ ይኸውም የጭቃ ቤት የድህነት ምልክትና ጊዜያዊ መጠለያ ነው፣ ዘላቂ ቤት የሚባለው የብሎኬት ቤት ብቻ ነው የሚል ነው።

በዚህ እምነት የተነሳ ብዙ ቤተሰብ ጥሪቱን ለግድግዳው ያውላል። ከመሠረቱ ይቆጥባል፤ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ደግሞ ገንዘቡ ያልቅበታል። ክፈፉ ያጠረ፣ መሠረቱ ያልጠለቀ ቤት ደግሞ ግድግዳው ከምንም ይሠራ ከምን፣ ጥቂት ክረምቶች ሲፈራረቁበት መሰንጠቁና መዝመሙ አይቀርም። እውነታው ሲታይ አፈር በራሱ ደካማ ቁሳቁስ አይደለም። የአፈር ግድግዳ ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ትውልድ ይሻገራል። የሚያፈርሰው ከሥር የሚሰርገው፣ ከላይ የሚያፈስሰውና ከጎን የሚረጨው ውኃ ነው። ስለሆነም አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ሊከተለው የሚገባው መርሕ አጭር ነው፤ ገንዘብ ለመሠረትና ለጣሪያ፣ የአካባቢ አፈርና ድንጋይ ለግድግዳ፣ ያገለገለ ዕቃ ደግሞ ለሚመጥነው ቦታ። ይህ ጽሑፍ መርሑ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚውል ያብራራል።

ነባር ሕንፃዎች የሚሰጡት ትምህርት

በላሊበላና በዙሪያዋ ከአካባቢው ድንጋይና ጭቃ የተገነቡ፣ ጣሪያቸው በሣር የተከደነ ባለ 2 ደርብ ክብ ቤቶች ይታያሉ። በዚያው በላስታ ምድር በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተደረደሩበት ጥንታዊ ሕንፃ ነው። እንጨቱ እስከ ዛሬ ሊቆይ የቻለው ዋሻው ዝናብ ስለከለከለለት ጭምር ነው። በጎንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን መታነጽ የጀመሩት አብያተ መንግሥታት ደግሞ በአካባቢው ድንጋይና በኖራ የተገነቡ ሲሆን፣ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመን የምትገኘው የሺባም ከተማ እስከ 7 ፎቅ የሚደርሱ የጭቃ ጡብ ሕንፃዎች ባለቤት ናት።

የእነዚህ ሕንፃዎች ዕድሜ አንድ ነገር ያስተምራል። አንዱን ዋሻ፣ ሌላውን ድንጋይና ኖራ፣ ሌላውን ደረቅ የአየር ንብረትና በየጊዜው የሚታደስ ልስን ከውኃ ጠብቀውታል። የእኛ ደጋማ አካባቢ እንደ ሺባም ደረቅ አይደለም፤ ክረምቱ ከባድ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የአፈር ቤት እንዲዘልቅ የመሠረቱና የክዳኑ ጉዳይ ከማንም በላይ ሊታሰብበት ይገባል።

ቦታና አቅጣጫ

ቤት ከመቀየሱ በፊት ቦታውን በክረምት ማየት ይመከራል። ውኃ የሚተኛበት ረግረግ፣ የጎርፍ መውረጃ ወይም ተዳፋቱን ቆርጦ በልቅ አፈር የተሞላ ደልዳላ ለቤት አይሆንም። ቤቱ በተዳፋት ላይ የሚሠራ ከሆነ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቅደድ ግድ ነው።

አቅጣጫውም ያለ ወጪ የሚገኝ ጥቅም አለው። ፀሐይ ጠዋት የምሥራቁን፣ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡን ግድግዳ ዝቅ ብላ ትመታለች። ስለሆነም የቤቱ ረጃጅም ጎኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞሩ ሙቀቱ ይመጣጠናል። እንደ መተማ ባሉ ቆላማ ቦታዎች በምዕራብ በኩል መስኮት አለመክፈት፣ በረንዳ ማውጣትና የጥላ ዛፍ መትከል ይጠቅማል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ብርዳማ ከተሞች ደግሞ የምሥራቅ መስኮት የጠዋትን ፀሐይ ያስገባል፤ ወፍራም የአፈር ወይም የድንጋይ ግድግዳም ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ቤቱ ቶሎ አይቀዘቅዝም።

መሠረት፦ ገንዘብ የማይሰሰትበት ሥራ

በተለመደው የጭቃ ቤት አሠራር ቋሚው እንጨት በቀጥታ መሬት ውስጥ ይተከላል፤ ጭቃውም እስከ መሬት ድረስ ይመረጋል። ይህ ትልቁ ስህተት ነው። እንጨቱን ምስጥና እርጥበት ይበሉታል፤ የግድግዳው ግርጌም ከመሬት ውኃ እየመጠጠ ይፈረፈራል።

መፍትሔው የድንጋይ መሠረት ነው። ቁፋሮው ልቅ አፈሩ አልቆ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ መዝለቅ አለበት። ድንጋዩ ከመሬት በላይም ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይገባዋል፤ ይህ ከፍታ ከክፈፍ የሚወርደው ጠብታ መሬት ነክቶ ሲረጭ ግድግዳውን እንዳያገኘው ያደርጋል። ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ግድግዳው ከመጀመሩ በፊት ወፍራም ላስቲክ ቢነጠፍ ከሥር የሚወጣውን እርጥበት ያግዳል። በቤቱ ዙሪያ መሬቱ ወደ ውጭ ያዘነበለ መሆንና ውኃውን የሚያርቅ ቦይ ሊኖረው ያስፈልጋል።

ቦታው ዋልካ አፈር ከሆነ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ተሸብሽቦ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን ቤትም ከክረምት እስከ በጋ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የብሎኬት ቤትም ቢሆን ይሰነጠቃል። የሚቻል ከሆነ ቦታ መቀየር፣ ካልሆነ ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካትና እየጠቀጠቁ መሙላት ያስፈልጋል።

አፈርን መፈተሽ

ማንኛውም አፈር ለግድግዳ አይሆንም። ከላይ ያለው ጥቁርና ሥራሥር የበዛበት አፈር የእርሻ ሀብት ስለሆነ ተነሥቶ ለጓሮ ይቀመጣል፤ ለግንባታ የሚውለው ከሥሩ ያለው ነው። አፈሩን ለመለየት ያለ ላቦራቶሪ የሚሠሩ 2 ቀላል ሙከራዎች አሉ።

የመጀመሪያው በጠርሙስ የሚደረግ ነው። ብርሃን የሚያሳይ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአፈር፣ የቀረውን በውኃ ሞልቶ ቁንጥር ጨው መጨመርና በደንብ መናጥ፣ ከዚያም ሳይነኩ ለ1 ቀን ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይዘቅጣል፤ ደቃቁ አፈር በላዩ ይተኛል፤ ሸክላው በመጨረሻ ከላይ ይቀመጣል። የንብርብሮቹ ውፍረት የአፈሩን ይዘት ያሳያል። ለግድግዳ ምቹ የሚሆነው ከግማሽ በላዩ አሸዋ ሆኖ፣ የሚያጣብቅ በቂ ሸክላ ያለው አፈር ነው።

ሁለተኛው በእጅ የሚደረግ ነው። ጠጠሩ ተለቅሞ የራሰውን አፈር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው አድቦልቡሎ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ መግፋት ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ላይ ከተቆረጠ አሸዋው በዝቷል፤ 15 ሴንቲ ሜትር አልፎም ካልተቆረጠ ሸክላው በዝቷል። በመካከል ከተቆረጠ አፈሩ ጥሩ ነው። አሸዋው ለበዛበት ሸክላ፣ ሸክላው ለበዛበት አሸዋ እየቀላቀሉ ማስተካከል ይቻላል።

ግድግዳ፦ 4 አማራጮች

የመጀመሪያው በቋሚና በማገር ተዋቅሮ በጭቃ የሚመረገው ነባሩ ግድግዳ ነው። ዋቅሩ ከድንጋይ መሠረቱ በላይ እንዲያርፍ ከተደረገ ዕድሜው በእጅጉ ይረዝማል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ በእግር እየተረገጠ፣ ተሸፍኖ ለቀናት እንዲቦካ መተው አለበት፤ የቦካ ጭቃ ይለጠፋል፣ ሲደርቅም ስንጥቁ ያንሳል። ቀጣዩ ምርጊት የሚደረገው የመጀመሪያው ፈጽሞ ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ ነው።

ሁለተኛው በእንጨት ቅርጽ እየወጣ በፀሐይ የሚደርቅ የጭቃ ጡብ ነው። እንጨት እምብዛም ስለማይፈልግ ደን ለራቀበት አካባቢ ይስማማል። ጡቡ በመጀመሪያ በጥላ ሥር ወይም በሣር ተሸፍኖ፣ ከዚያ እየተገላበጠ ለሳምንታት መድረቅ አለበት። በጥድፊያ የደረቀ ጡብ ይሰነጠቃል።

ሦስተኛው በእጅ ማተሚያ የሚጨመቅ፣ ጥቂት ሲሚንቶ የገባበት የአፈር ብሎኬት ነው። የሲሚንቶው መጠን በተለምዶ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ይህም ማለት ለ19 እጅ አፈር 1 እጅ ሲሚንቶ አንሥቶ እስከ ለ9 እጅ አፈር 1 እጅ ሲሚንቶ ድረስ ነው። በእሳት ስለማይተኮስ ማገዶ አይፈጅም። ብሎኬቱ ከተመረተ በኋላ ተሸፍኖና ውኃ እየተርከፈከፈ ቢያንስ ለ1 ሳምንት መቆየት፣ ግድግዳ ላይ ከመዋሉ በፊትም 28 ቀን መሙላት ይኖርበታል። ማተሚያውን በግል መግዛት ከባድ በመሆኑ ጎረቤታሞች ተባብረው ቢከራዩት ይመረጣል። ሸክላ ለበዛበት አፈር ከሲሚንቶ ይልቅ ኖራ የተሻለ ይሠራል፤ ኖራ ግን ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል።

አራተኛው ድንጋይ በሚገኝበት አካባቢ የሚሠራው የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱን የግድግዳ ገጽ የሚያስተሳስሩ ረጃጅም ድንጋዮችን በየመካከሉ ማስገባት አይዘነጋም። ይህ ካልሆነ ግድግዳው ለሁለት ተከፍሎ ያብጣል።

በየትኛውም አማራጭ በርና መስኮት ከቤቱ ማዕዘን ቢያንስ 1 ሜትር መራቅ አለባቸው፤ ከግድግዳው ጫፍ ላይም ቤቱን ዙሪያውን እንደ መቀነት የሚያስር እንጨት ወይም አርማታ ያስፈልጋል። ይህ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። በ1953 ዓ.ም በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በስምጥ ሸለቆው አካባቢና በዳርቻው ለሚኖር ሰው ያልታሰረ ግድግዳ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ስለ ልስን አንድ የተለመደ ስህተት ማንሳት ያስፈልጋል። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን መለሰን ቤቱን የሚያጠነክረው ይመስላል። ሲሚንቶና ጭቃ ግን አብረው አያብጡም፣ አብረው አይሸበሸቡም። ልስኑ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፤ ከውስጥ ግድግዳው እየላመ ሄዶ ልስኑ በአንድ ቀን ተገምሶ ይወድቃል። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው በደቃቅ አፈርና በእበት የሚደረግ ልቅለቃ ወይም የኖራ ልስን ነው።

እንጨት፣ ቀርከሃና ምስጥ

ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ የግንባታችን ዋና እንጨት ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ምስጥ አይምረውም። ልጡ ተልጦ፣ በጥላ ደርቆ፣ መሬት ሳይነካ ሥራ ላይ ሲውል ይቆያል። ጥድና ወይራ ምስጥን የበለጠ ይቋቋማሉ፤ ሆኖም የተፈጥሮ ደናችን ስለተመናመነ ለአዲስ ቤት እነርሱን መቁረጥ አይመከርም። ከፈረሰ ቤት የተገኘ የጥድ ምሰሶ ካለ ግን ወርቅ ነው።

ኢትዮጵያ 2 አገር በቀል የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት፤ የደጋው ቀርከሃ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በእንጅባራ አካባቢ፣ የቆላው ደግሞ በመተከል በብዛት ይገኛል። ለግንባታ የሚቆረጠው 3 ዓመት የሞላው ሲሆን፣ ጊዜው በጋ ነው። ለጋው ቀርከሃ ስኳርና ስታርች ስለሚበዛበት በነፍሳት ይበሳሳል።

ብዙዎች የቋሚውን ግርጌ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባሉ። ዘይቱ ምስጥን ለጊዜው ቢያርቅም አፈርንና የጉድጓድ ውኃን ይበክላል። ቋሚውን ከድንጋይ በላይ ማቆም ግን ያለ ብክለት ይጠብቀዋል፤ ምስጡ ቢመጣም እንኳ በድንጋዩ ላይ የሚሠራው የአፈር መስመር በዓይን ስለሚታይ በጊዜ ይጠረጋል።

ጣሪያና የዝናብ ውኃ

ለአፈር ቤት ክፈፉ ከግድግዳው ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ወጣ ማለት አለበት። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጅ ቁጥሩን ማስተዋል ይገባል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28 ጌጅ ከባለ 35 ጌጅ ይወፍራል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ከቆርቆሮው ሥር የቀርከሃ ወይም የሸንበቆ ኮርኒስ ቢደረግ የቀኑ ግለት፣ የሌሊቱ ብርድና የዝናቡ ጩኸት ይቀንሳል።

ጣሪያ ውኃን ማራቂያ ብቻ ሳይሆን መሰብሰቢያም ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ አካባቢ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 40 ሺህ ሊትር ይወርዳል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 32 ሺህ ሊትር ይቀራል። በቀን 100 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ 5 ሺህ ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ ቢኖረው ከክረምቱ በኋላ ለ50 ቀን ይበቃዋል። የወቅቱ የመጀመሪያ ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ማጠራቀሚያው እንዳይገባ ማድረግ፣ ለመጠጥ የሚውለውንም ማከም ያስፈልጋል።

ያገለገሉ ዕቃዎች፦ የትኛው ለምን?

ቆራሌው ከየቤቱ የሚሰበስበው ብረትና ቆርቆሮ፣ በአዲስ አበባ መርካቶ በምናለሽ ተራም ሆነ በየከተማው ገበያ የሚሸጠው አሮጌ በርና መስኮት ወጪ ይቀንሳል። አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ፤ በሩና መስኮቱ አስቀድሞ ተገዝቶ የግድግዳው ክፍተት በእነርሱ ልክ ይሠራል። ግድግዳው ካለቀ በኋላ ልኩን የሚገጥም አሮጌ መስኮት ማግኘት ያስቸግራል።

የተሰባበረ ብሎኬትና አርማታ ለወለል ሙሌት ይሆናል። አሮጌ ቆርቆሮ ወደ ፀሐይ ተደቅኖ ቀዳዳው ከታየ በኋላ ለከብት ጋጣ፣ ለማዕድ ቤትና ለአጥር ይውላል፤ ለዋናው ቤት ጣሪያ ግን አዲሱ ይሻላል። ጠርሙስ በግድግዳ ውስጥ ተሰክቶ ብርሃን ያስገባል። የመኪና ጎማ አፈር እየተጠቀጠቀበት ተዳፋት ላይ ላለ ግቢ እርከንና ደረጃ ይሆናል።

ድንጋይ በሌለበት አካባቢ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦ፣ በአፈር ተሞልቶና እንደ ጡብ ተደርድሮ በመጠቅጠቅ ግድግዳ ይሠራበታል፤ ረድፎቹ እንዳይንሸራተቱ በየመካከላቸው እሾሃማ ሽቦ ይዘረጋል። በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባለው የውኃ ፕላስቲክም በደረቅ አፈር ተሞልቶ ለአጥርና ለመለያ ግድግዳ ያገለግላል። ከረጢትም ሆነ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚበላሽ፣ እሳትም ስለሚቀበል፣ ሙሉ በሙሉ መለሰን አለበት።

ፈጽሞ ወደ ቤት መግባት የሌለባቸውም አሉ። የፀረ ተባይ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ወይም ጀሪካን ቢታጠብም ለውኃ አይሆንም። ከአስቤስቶስ የተሠራ አሮጌ የጣሪያ ክዳን ሲቆረጥና ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ የሳንባ በሽታና ካንሰር ያስከትላል። የዛገና የተጣመመ ብረት ለመስኮት ፍርግርግ እንጂ ሸክም ለሚችል ዓምድ አይውልም። በትንንሽ ቀዳዳ ተበሳስቶ ዱቄት የሚረግፈው እንጨትም ሌላውን ስለሚበክል ይቃጠል።

ጭስና ንጹሕ አየር

ዘላቂ ቤት የነዋሪውን ጤና የሚጠብቅ ቤት ነው። ማዕድ ቤት ከመኝታ መለየት፣ ጭስ ማውጫ ማድረግና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም እናቶችንና ሕፃናትን ከጭስ ይታደጋል። በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ፊት ለፊት የተከፈቱ መስኮቶች አየሩን ያለ መሣሪያ ያንሸራሽራሉ፤ ግድግዳውም እርጥበት እንዳይዝ ያግዛሉ።

ለከተማ ነዋሪ፣ ለገጠር ነዋሪ

በከተማ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ማውጣት፣ በቦታው ምን ዓይነት ቁሳቁስ እንደሚፈቀድም አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግንባታው ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ እገዳ ከቆጠቡት ይበልጣል። በገጠር ደግሞ ትልቁ ሀብት ጉልበት ነው። አፈር ማቡካት፣ ድንጋይ ማጓጓዝና ምርጊት በደቦና በወንፈል ሲሠራ፣ ለመሠረቱ ባለሙያና ለቆርቆሮው የሚሆን ገንዘብ ይተርፋል።

ቤቱ ካለቀ በኋላ

የአፈር ቤት በዓመት 2 ጊዜ ይጎበኛል። በግንቦት ዝናቡ ሳይበረታ ቦዩ ይጠረጋል፣ የላላ ምስማር ይመታል፣ የተፈረፈረ ልቅለቃ ይታደሳል። በመስከረም ደግሞ ክረምቱ ያደረሰው ጉዳት ይመረመራል። ቀጭን የፀጉር መስመር የመሰለ ስንጥቅ በልቅለቃ ይደፈናል። ከመሠረቱ ተነሥቶ ሰያፍ የሚወጣና ከዓመት ዓመት የሚሰፋ ስንጥቅ ግን መደበቅ የለበትም፤ መሠረቱ እየሰመጠ መሆኑን ስለሚያመለክት ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

የገንዘብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ ቤቱን ማሳነስ፣ ክፍሉን መቀነስ፣ ልስኑን ለከርሞ ማሳደር ይችላል። የመሠረቱን ጥልቀትና የክፈፉን ስፋት ግን መቀነስ የለበትም። ክፍል በኋላ ይጨመራል፤ መሠረት ግን ቤቱ ከቆመ በኋላ ተመልሶ አይሠራም።